ራስ ደጀን

ራስ ደጀን (ራስ ዳሸን ተብሎም ይጠራል) በአማራ ክልል በሰሜን ተራሮች የሚገኝ፣ ከኢትዮጵያ ተራሮች ሁሉ ከፍተኛው ነው። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 4,550 ሜትር ያህል ነው። በቀድሞ ካርታዎች 4,620 ሜትር ተብሎ ስለተጻፈ እስካሁን «ከአፍሪካ አራተኛ» የሚሉት አሉ፤ በአዲሱ ልኬት ግን የታንዛኒያው ሜሩ ተራራ (4,566 ሜትር) በጥቂቱ ይበልጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1841 ፌሬ እና ጋሊኒዬ የተባሉ የፈረንሳይ መኮንኖች ጫፉ ላይ ወጥተዋል። የአካባቢው ሰው ግን ከእነርሱ በፊት ሳይወጣው አልቀረም።

ተራራውን ለመውጣት ገመድ አያስፈልግም፤ መጨረሻ ላይ ብቻ እጅን ተጠቅሞ ድንጋይ መቧጠጥ አለ። የሚያደክመው መንገዱ ነው። ከጨነቅ ሰፈር (3,600 ሜትር ገደማ) የተነሣ ተጓዥ በቧሂት በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥቶ፣ ወደ መሸሃ ወንዝ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ከዚያም እንደገና ሽቅብ ነው። ሲመለስም ያው ነው። ብዙዎች አምቢቆ መንደር አድረው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ወደ ጫፉ ይነሣሉ።

ዋናው አደጋ የከፍታ ሕመም ነው። ከደባርቅ እስከ ጨነቅ መኪና ስለሚገባ፣ ሰው በአንድ ቀን ሰውነቱ ሳይለምደው ከፍ ብሎ ያድራል። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ይመከራል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ሲጀምር ተጨማሪ ከፍታ መውጣት አይገባም። በሽተኛው ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተዘባረቀ ወይም ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ወደ ታች መውረድ አለበት፤ እስኪነጋ መጠበቅ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። የአዲስ አበባ ነዋሪ ከቆላ ከመጣው በመጠኑ ይሻላል እንጂ ከሕመሙ ነፃ አይደለም።

ለጉዞ የሚመቸው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለው በጋ ነው። ቀኑ ፀሐያማ ቢሆንም ሌሊት ውሃ ይረጋል፤ ስለዚህ ወፍራም የመኝታ ከረጢት ያስፈልጋል። ክረምት ጭጋግና ጭቃ ነው።

በደባርቅ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት መመዝገብና የታጠቀ ስካውት መያዝ ግዴታ ነው። ጭነት በበቅሎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በክልሉ ግጭት ስላለ፣ ከመነሣት በፊት የመንገዱን ሰላም ከጽሕፈት ቤቱ ማጣራት ያስፈልጋል።

በመንገድ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ይታያል። በሰሜን ተራሮች ብቻ የሚኖረውን ዋልያ ለማየት ጨነቅ ጥሩ ቦታ ነው፤ ከዚያ በላይ ጅብራ የበቀለበት ውርጫማ ሜዳ ይቀጥላል።