ኬታሚን ከኦፕራሲዮን ክፍል ይወጣ ይሆን?

ከፒያሳ የራስ መኮንንን ድልድይ ተሻግሮ በአፍንጮ በር ሽቅብ የወጣ ሰው ስድስት ኪሎ ሲደርስ የሰማዕታቱን ሐውልትና የካቲት 12 ሆስፒታልን ፊት ለፊት ያገኛቸዋል። ሆስፒታሉ ስሙ ከሚነሳባቸው ነገሮች አንዱ የቃጠሎ ሕክምና ነው። የተቃጠለ ሰው ቁስሉ ሲታጠብና ፋሻው ሲቀየር የሚሰማውን ሕመም ያየ ያውቀዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ በየአገሩ ያሉ ሰመመን ሰጪዎች ቶሎ የሚያነሱት መድኃኒት ኬታሚን ነው። በሽተኛው ዓይኑ እንደተገለጠ፣ ትንፋሹም ሳይቋረጥ፣ የሚደረግበትን ሳያውቅ ይቆያል። ሲነቃ አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አንዳንዱ ይቀባጥራል፣ አንዳንዱም ከሩቅ አገር እንደተመለሰ ሰው ግራ ተጋብቶ ዙሪያውን ያያል።

ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት ይህን መቃዠት የመድኃኒቱ እንከን አድርገው ነው የቆጠሩት፤ ለማስታገስም ዲያዜፓም ይጨምሩበታል። ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ ይኸው መድኃኒት፣ መጠኑ ተቀንሶ፣ ለጸና ድባቴ ይሰጣል። ከዚያ የሚመጡ ዘመዶች ያወሩታል፣ በስልክ ላይ ቪዲዮውን ያየ ወጣትም ይጠይቃል። እኛ ጋስ? የአገራችን መልስ ከሌላው የሚለይበት ምክንያት አለ፤ ምክንያቱም ኬታሚን እዚህ ከአእምሮ ሕክምና በፊት በኦፕራሲዮን ክፍል ያለበት ግዴታ ነው።

መድኃኒቱን እ.ኤ.አ. በ1962 የሠራው ካልቪን ስቲቨንስ የተባለ አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ባለሙያ ነው፤ ለፓርክ ዴቪስ ኩባንያ። በሰው ላይ መጀመሪያ የተሞከረው ከሁለት ዓመት በኋላ በሚሺጋን እስረኞች ላይ ነበር። በ1970 ፈቃድ አገኘና በቬትናም ጦርነት ለቁስለኞች ዋለ፤ ከ1985 ጀምሮ ደግሞ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። እንደ እኛ ላለ አገር ትልቁ ጥቅሙ ብዙ መሣሪያ አለመፈለጉ ነው። የጋዝ ማደንዘዣ ማሽን በሌለበት፣ መብራት ድንገት ድርግም በሚልበት የወረዳ ሆስፒታል ምጥ የጠናባትን እናት ቀዶ ማዋለድ የሚቻለው አንዳንድ ጊዜ እሱ ስላለ ነው።

ወደ ድባቴው ታሪክ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2000 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጣት በሚቆጠሩ የድባቴ ሕሙማን ላይ ትንሽ ኬታሚን በደም ሥር ሰጥተው ለውጡን በሰዓታት ውስጥ አዩ። በ2006 ካርሎስ ዛራቴና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም በ18 ሰዎች ላይ ደገሙት። አብዛኞቹ በአንድ ቀን ውስጥ ቀለል አላቸው፤ ለሳምንት የዘለቀላቸው ግን ሲሶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ሁለቱም ነገር አብሮ መነገር አለበት። እኛ የምናውቃቸው የድባቴ መድኃኒቶች፣ አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሰቲን፣ ለመሥራት ሳምንታት ይፈጃሉ፤ ራሱን ለማጥፋት ያሰበ ሰው ደግሞ ሳምንታት ላይኖሩት ይችላል። ኬታሚን ይፈጥናል፣ ግን ቶሎ ይለቃል፤ ስለዚህ ይደጋገማል። ሲደጋገም ደግሞ ሱስ አለ፣ ለረጅም ጊዜ በብዛት የወሰዱት ላይ የሽንት ፊኛ ጉዳት አለ። የፍሬንድስ ተከታታይ ፊልም ተዋናይ ማቲው ፔሪ በ2023 ሲሞት በምርመራው ዋና ምክንያት ሆኖ የተመዘገበው ኬታሚን ነበር።

በ2019 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤስኬታሚንን፣ ማለትም በአፍንጫ የሚነፋውን ስፕራቫቶን፣ ሌላ መድኃኒት ላልሠራለት ድባቴ ፈቀደ። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ በሽተኛው መድኃኒቱን ክሊኒክ ውስጥ ይወስዳል፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይጠበቃል፣ መኪና እየነዳ አይሄድም። በ2023 የወጣ ከ400 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ደግሞ በደም ሥር የሚሰጠው ተራው ኬታሚን ሳይኮሲስ (ከእውነታ መራቅ) ለሌለበት ጽኑ ድባቴ በጭንቅላት በኩል ከሚሰጠው የኤሌክትሪክ ሕክምና እንደማያንስ አሳየ።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን በዚያው ዓመት ከስታንፎርድ የወጣው ትንሽ ጥናት ነው። ድባቴ ያለባቸውና ለቀዶ ሕክምና የቀረቡ 40 ሰዎች ሙሉ በሙሉ ተኝተው ሳለ ለግማሾቹ ኬታሚን፣ ለግማሾቹ ጨው ውሃ ተሰጠ። ማን ምን እንዳገኘ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ሁለቱም ቡድን በእኩል ተሻለው። ታዲያ የሚፈውሰው መድኃኒቱ ነው፣ ከአካል ወጥቶ የመንሳፈፍ ስሜቱ ነው፣ ወይስ ተስፋውና አብሮ የሚቀመጠው ሰው? ክርክሩ አልተዘጋም። ለትራውማ፣ ከአስደንጋጭ ነገር በኋላ ለሚቀር የአእምሮ ቁስል፣ ደግሞ ማስረጃው ገና ቀጭን ነው፤ በ2022 በአሜሪካ ወታደሮችና የቀድሞ ወታደሮች ላይ የተደረገ የ158 ሰዎች ጥናት ድባቴውን ቢያቀልም ለትራውማው ምልክቶች ከማስመሰያው የተለየ ግልጽ ጥቅም አላገኘም። ስለዚህ "ኬታሚን ትራውማን ይነቅላል" የሚል ማስታወቂያ ያየ ሰው ቦርሳውን ይያዝ።

አሁን ወደ ግዴታው ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2015 ቻይና ኬታሚን በተባበሩት መንግሥታት የ1971 የሳይኮትሮፒክ ስምምነት ሥር ቁጥጥር እንዲደረግበት ጠይቃ ነበር፤ የራሷ ወጣቶች በየጭፈራ ቤቱ ሲያሸቱት ነበርና። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ደጋግመው እምቢ አሉ። መከራከሪያቸው እኛን የመሰሉ አገሮች ነበሩ፤ ቁጥጥሩ ቢመጣ የማስገቢያ ፈቃዱና የኮታው ወረቀት ሲንዛዛ ብልቃጧ ከወረዳ ሆስፒታል መደርደሪያ ትጠፋለች። እስካሁን ዓለም አቀፍ ቁጥጥር አልተጣለበትም። ኬታሚን ከመድኃኒትነቱ ይልቅ በፒያሳ ፎቅ ላይ በሚሸጥ "የመንፈስ ጉዞ" ከታወቀ ግን ይህ ክርክር እየከበደ ይሄዳል። የአእምሮ ሕክምናው በር ሲከፈት የኦፕራሲዮኑ በር እንዳይዘጋ ነው የምፈራው።

መድኃኒቱ ራሱ ውድ አይደለም። የተለመደችው ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር ትይዛለች፤ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም አለ። ጥናቶቹ ለድባቴ የሰጡት በኪሎ ግማሽ ሚሊ ግራም ነው፣ በ40 ደቂቃ ቀስ እያለ። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 30 ሚሊ ግራም ይደርሳል፤ ያ ማለት ከብልቃጧ አንድ ሚሊ ሊትር እንኳ አይሞላም። ውዱ ነገር ከበሽተኛው አጠገብ የሚቀመጠው ሰው ነው። የደም ግፊቱን የሚለካ፣ መተንፈሱን የሚያይ፣ ቀድሞ የሚያዘጋጀው፣ ሲነቃም የሚያነጋግረው። በሽተኛው ጫት ሲቅም የዋለ መሆኑንም ቀድሞ መጠየቅ አለበት፤ ጫትም ኬታሚንም ግፊት ይጨምራሉ።

ያ ሰው አለን ወይ? በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው፣ ከመርካቶ ወዲያ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2003 የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ሥልጠና ሲጀምር የአገሩ ሳይካትሪስቶች ደርዘን አይሞሉም ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ ዛሬም ግን የአገልግሎቱን ሸክም የተሸከሙት የሳይካትሪ ነርሶች ናቸው። ብሔራዊ ናሙና ላይ የተሠራ አንድ ጥናት ከ100 ሰው 9 ያህሉ ድባቴ እንዳለበት ገምቷል። አብዛኛው ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ ነው የሚኖረው፤ ከደረሰም እንጦጦ ጸበል ከርሞ ነው። በጸበል አልቀልድም፤ ከቤተሰብ ጋር ሌሊት ተነስቶ መውጣት፣ ከሌሎች ሕሙማን ጋር መሰለፍ፣ የሚጸልይልህ ሰው ማግኘት ብዙ ሰው አቁሟል። ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በኬታሚን ከአካሉ ወጥቶ የተንሳፈፈ ምእመን ያየውን "መንፈስ ነው" ቢል፣ ከጎኑ ያለው ባለሙያ ምን ይለዋል? የውጭው መመሪያ ለዚህ መልስ የለውም፤ እዚሁ መጻፍ ይኖርበታል።

ፒያሳን የያዘው አራዳ ለትራውማ እንግዳ አይደለም። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጀመረው የሦስት ቀን ጭፍጨፋ የዚህ ሰፈር ሰው በቤቱ ተቃጥሏል፣ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም በእሳት ተለኩሷል። የተረፈው ሰው ሐኪም አልነበረውም፤ ልቅሶ፣ ዕድርና ጎረቤት ነበረው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳው ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ የተበተነው ጣሪያና ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ ያ ጎረቤትም ነው። የሰሜኑ ጦርነት ያመጣውን ደግሞ ሁሉም በየቤቱ ያውቀዋል። ለዚህ ሁሉ ኬታሚን የመጀመሪያ መልስ ሊሆን አይችልም፤ የፍሉኦክሰቲን አቅርቦት ሳይቆራረጥ፣ የሚያነጋግር የሠለጠነ ሰው ጤና ጣቢያ ላይ ሲገኝ ብዙው ይቀላል።

ቦታ ካለው ግን ጠባብ ነው፦ ራሱን ለማጥፋት የሞከረ ወይም ሌላው ሁሉ አልሠራ ያለው ሕመምተኛ፣ ሳይካትሪስትና ሰመመን ሰጪ አንድ ግቢ ውስጥ ባሉበት ሆስፒታል፣ በጥናት መልክ። ክትትሉን የሳይካትሪ ነርሶች እንዲይዙት ማሠልጠን ይቻላል። አለዚያ ከአንድ ድባቴ ያለበት ሰው አጠገብ ለ40 ደቂቃ የሚቀመጠው ሰመመን ሰጪ ከኦፕራሲዮን ክፍል የተነሳው ነው፤ እሱን የሚተካ ደግሞ አብዛኛው ሆስፒታል የለውም።