ቴፕ የሚመረጠው በጀርባው ነው

አዲስ የመኪና ቴፕ ገዝቶ የሚመጣ ደንበኛ መጀመሪያ የሚያሳየኝ ፊቱን ነው። ስክሪኑ ሰፊ ነው፣ ዩቲዩብ ይከፍታል፣ ከስልክ ጋር ይገናኛል። እኔ ተቀብዬ እገለብጠዋለሁ። በቆየ መኪና ላይ ሥራው የሚያምረውም የሚበላሸውም ከጀርባ በኩል ነው።

ብዙ ሰው ቴፕ ልቀይር ብሎ የሚነሳው ሬዲዮ አልይዝ ሲለው ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠራ የቆየ ቪትዝ ኦሪጅናል ቴፑ ኤፍኤም የሚይዘው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነው፤ ፋና 98.1ም ሸገር 102.1ም ከዚያ በላይ ናቸው። አንዳንዱ ደግሞ ባትሪ ተነቅሎ ሲመለስ በጃፓንኛ ኮድ ይጠይቅና ይዘጋል። የተዘጋውን መቀየር ነው። ችግሩ ሬዲዮ ብቻ ከሆነ ግን ከአንቴናው ገመድ ላይ የሚቀጠል ትንሽ የሞገድ መቀየሪያ አለ። 15 ሜጋኸርዝ የሚቀንሰው ከተገጠመ ሸገር 87.1 ላይ ይመጣል። ድምፁ ትንሽ ሊሻክር ይችላል፤ ዜና ለሚያዳምጥ ሰው ይበቃል፣ ወጪውም ቀላል ነው። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው የሚቀየር አሉ፤ ልባቸው ስክሪኑ ላይ ነዋ!

ይቀየር ከተባለ መጀመሪያ ሜትር አነሳለሁ። የተለመደው ትልቁ ቴፕ 180 በ100 ሚሊሜትር ነው፤ የብዙ ቶዮታዎች ቀዳዳ ግን ወርዱ 200 ነው። በግራና በቀኝ አንድ አንድ ሳንቲሜትር ይተርፋል። በልኩ ክፈፍ ካልገባለት ኮብልስቶን ላይ ሲንቀጫቀጭ ይውላል።

ቀጥሎ ሽቦ። ቢጫው ሁልጊዜ ከባትሪ ያገኛል፣ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ። ሁለቱን አንድ ላይ ጠምዝዞ ቢጫው ላይ ያሰረ ሰው፣ ቴፑ ካልተዘጋ ባትሪውን ሲጨርስ ያድራል። ከተቀያየሩ ደግሞ ቁልፍ በተነቀለ ቁጥር የተመዘገበው ጣቢያ ሁሉ ይጠፋል።

አንድ የዲኤክስ ሾፌር «ወንድሜ፣ ገመዱ ድሮም ይሠራ ነበር፤ ቴፑን ብቻ ሰካልኝ» አለኝ። የበሩን ሽፋን ስፈታው የስፒከሩ ኔጌቲቭ ከበሩ ብረት ጋር በብሎን ታስሯል። የድሮው ሬዲዮ ይህን ይችለዋል። የዛሬው ቴፕ ግን በሁለቱም የስፒከር ገመዶች ድምፅ ይልካል፤ አንዱ ሻንሲ ከነካ ወይ ራሱን ይዘጋል፣ ወይ ይቃጠላል። ለእያንዳንዱ ስፒከር ሁለት አዲስ ገመድ እስከ ቴፑ ድረስ ሳብኩ።

ካርቶኑ ላይ ያለው «50 ዋት በ4» አያታልላችሁ። እሱ ለቅጽበት የሚደርስበት ጣሪያ ነው፤ አብዛኛው ቴፕ ሳያቋርጥ የሚሰጠው 20 ዋት ገደማ ነው። ወረቀቱ የተቀደደን ስፒከር ደግሞ የትኛውም ቴፕ አያድነውም። ገንዘብ ካጠረ መካከለኛ ቴፕ ከአዲስ ስፒከር ጋር ይገዛ እላለሁ።

ከፊቱ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በእጅ የሚዞር የድምፅ መቆጣጠሪያ። መገናኛ አደባባይ ላይ ሚኒባስ ከጎን ሲገባባችሁ ድምፅ ለመቀነስ ስክሪን ላይ ምልክት መፈለግ አያዋጣም።