ሦስተኛው ረድፍ የማን ነው?

አንድ የትምህርት ቤት ሮስተር በድረ ገጽ ላይ ተዘርግቷል እንበል። በግራ በኩል 40 ተማሪዎች ወደ ታች ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ ስም ፊት ለፊት የቴስት፣ የአሳይመንት፣ የሚድና የፋይናል ማርክ የሚሞላባቸው አራት ሳጥኖች አሉ። ለመምህሩ ነገሩ ከወረቀቱ ሮስተር ብዙም አይለይም፤ ማርኩን ሞልቶ «መዝግብ» የሚለውን መጫን ብቻ ነው። ገጹን ለሚሠራው ፕሮግራመር ግን ሥራው ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው፤ የሚደጋገም ነገር በሌላ በሚደጋገም ነገር ውስጥ ገብቷልና። ተማሪው ይደጋገማል፤ በየተማሪው ውስጥ ደግሞ ፈተናው ይደጋገማል። 160 ሳጥኖች ተሞልተው ሲመለሱ እያንዳንዱ የየትኛው ተማሪ፣ የየትኛው ፈተና እንደሆነ ሳይዛነፍ መታወቅ አለበት። የአንዱ ልጅ ማርክ ለሌላው ቢጻፍ ኮምፒውተሩ ምንም ጥፋት አያይም፤ 18 ከ20 በየትኛውም ተማሪ ስም ሥር ቢቀመጥ ትክክለኛ ቁጥር ነው። ስህተቱን የሚያገኘው ካርዱን ተቀብሎ ወደ ቤቱ የሄደው ልጅ ነው።

የችግሩ ሥር ያለው ቅጹ ላይ ነው። የድረ ገጽ ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው የኤችቲኤምኤል 2.0 ደረጃ ሰፍሯል፤ የያኔው መሠረታዊ አሠራር ዛሬም ይሠራበታል። ተጠቃሚው ቁልፉን ሲጫን ብራውዘሩ የየሳጥኑን ስምና በውስጡ የተጻፈውን ጥንድ ጥንድ እያደረገ፣ አንዱን ከሌላው አስከትሎ ይልካል። በዚያ ዝርዝር ውስጥ የበላይና የበታች የለም፤ «ይህ የሚድ ማርክ የዚህች ተማሪ ነው» የሚል ዝምድና አይጻፍበትም። አንድን ቅጽ በሌላ ቅጽ ውስጥ መክተትም በኤችቲኤምኤል ሕግ የተከለከለ ነው። ብራውዘሩና ሰርቨሩ የሚነጋገሩበት ሥርዓት ደግሞ ትዝታ የለውም፤ ገጹ ተልኮ ሲያበቃ ንግግሩ አብሮ ያበቃል። ስለዚህ ሮስተሩ ሲታይ የነበረው ተዋረድ፣ ማርኩ ተሞልቶ ሲመለስ በሰርቨሩ በኩል እንደገና መገንባት አለበት። በጃቫ ቋንቋ የተሠሩት የድረ ገጽ ፍሬምወርኮች ከሚሰጧቸው ዋና አገልግሎቶች አንዱም ይኸው ነው፤ ፕሮግራመሩ በየጊዜው ከባዶ እንዳይጀምር ይህን መልሶ የመገንባት ሥራ እነሱ ይሸከሙለታል።

አብዛኞቹ የመረጡት መንገድ መቁጠር ነው። ከእነዚህ ፍሬምወርኮች አንዱ በሆነው በስፕሪንግ የሚሠራ ገጽ የሳጥኑን ስም «ተማሪዎች[2].ፈተናዎች[1].ማርክ» በሚመስል መልክ ይጽፈዋል፤ ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር የሦስተኛው ተማሪ ሁለተኛ ፈተና ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውና ዛሬ ጃካርታ ፌስስ የሚባለው ጃቫሰርቨር ፌስስም ሠንጠረዥ ሲያወጣ የረድፎቹን ቁጥር በሳጥኑ መለያ ውስጥ ያስገባል፤ የውጨኛው ረድፍ ቁጥር ይቀድማል፣ የውስጠኛው ይከተላል፣ በመካከላቸው ሁለት ነጥብ ይገባል። ሲያዩት ንጹሕ ነው፤ ማንም ሰው አንብቦ ይረዳዋል፤ ብዙ ጊዜም ያለ ችግር ይሠራል። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ግን ለተቃራኒው ነው፦ የሚደጋገም ቅጽ በተለይም አንዱ በሌላው ውስጥ ሲገባ ረድፉ መታወቅ ያለበት በማንነቱ ነው፤ በተራ ቁጥሩ መታወቅ የለበትም።

ዳቦ ቤት ደጃፍ የቆመን ሰው «ከሰልፉ ሦስተኛው» ብሎ መጥራት የሚያገለግለው ሰልፉ እስካልተንቀሳቀሰ ድረስ ብቻ ነው። ሮስተሩ ላይ የሚሆነውን በዝርዝር እንየው። ዝርዝሩ ለምለም፣ መሠረት፣ ሰሎሞን፣ በቀለ ብሎ ይጀምራል። መምህሩ ገጹን ከፍቶ ማርክ በመሙላት ላይ ሳለ መሠረት መልቀቂያ ወስዳ ትሄዳለች፤ ሬጅስትራሩም ከክፍሉ መዝገብ ያወጣታል። መምህሩ ሞልቶ ሲጨርስ «መዝግብ» ይላል። ሰርቨሩ የተማሪዎቹን ዝርዝር ከዳታቤዝ እንደ አዲስ ያነባል፤ አሁን ሁለተኛው ሰሎሞን፣ ሦስተኛው በቀለ ሆነዋል። የመሠረት ማርክ ለሰሎሞን ይገባል፣ የሰሎሞን ለበቀለ፣ የበቀለም ከእሱ ቀጥሎ ላለው፤ እስከ ታች ድረስ ሁሉም ከበላዩ ያለውን ልጅ ማርክ ይወርሳል። እዚህ ላይ ነው የውስጠኛው ድግግሞሽ ጉዳቱን የሚያባብሰው፤ ከእያንዳንዱ ተማሪ ጋር የተሳሳተው አንድ ቁጥር ሳይሆን አራት ነው። በዚያው መካከል አንድ ተጨማሪ ቴስት ከሚዱ በፊት ገብቶ ቢሆን ደግሞ ማርኩ ወደ ታችም ወደ ጎንም ይንሸራተታል፤ የትኛው ከየት እንደመጣ መልሶ መፈለግም ፈጽሞ አድካሚ ይሆናል።

«ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ሮስተር የሚነካው ስንት ጊዜ ነው?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ለጉዳቱ ግን ሁለተኛ ሰው አያስፈልግም። አንድ መምህር ብቻውን ሁለት ታብ ሊከፍት ይችላል፤ ወደ ኋላ የሚመልሰውን ቀስት ተጭኖ የቆየ ገጽ ሊያወጣ ይችላል፤ ዝርዝሩ እንደ ፊደል ተራ የተደረደረ ከሆነ ደግሞ የአንድን ልጅ ስም ማረም ብቻ ቦታውን ይለውጠዋል። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ብዙ ጀማሪዎች ሳያውቁት የሚያልፉት ነገር ነው። ዳታቤዝ «በዚህ ቅደም ተከተል አምጣልኝ» ተብሎ በግልጽ ካልታዘዘ ረድፎቹን ሁልጊዜ በአንድ ተራ የማምጣት ግዴታ የለበትም። በሰፊው የሚሠራበት ፖስትግሬስ አንድ ረድፍ ሲታረም አዲሱን ቅጂ በሌላ ቦታ ይጽፈዋል፤ ስለዚህ ያው ጥያቄ በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ረድፍ ከሌሎቹ በኋላ ሊያመጣው ይችላል። ማንም ሳይጨመር፣ ማንም ሳይወጣ፣ አንድ ማርክ በመታረሙ ብቻ ሦስተኛው ረድፍ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ሃዋርድ ሉዊስ ሺፕ የጀመረውና በኋላ የአፓቺ ፕሮጀክት የሆነው ታፔስትሪ የተባለው የጃቫ ፍሬምወርክ በአምስተኛው ትውልዱ ይህን ጉዳይ የያዘበት መንገድ ቀረብ ብሎ መታየት አለበት። በቅጽ ውስጥ ሉፕ የተባለው ክፍል በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ ሲያልፍ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ፣ ሳጥኖቹ በወጡበት ተራ «ማርክ»፣ «ማርክ_0»፣ «ማርክ_1» እየተባሉ ይሰየማሉ፤ ሉፕ በሉፕ ውስጥ ቢገባም በስሙ ላይ የተዋረድ ምልክት አይታይም። ሁለተኛ፣ ገጹ ላይ በማይታይ አንድ ሳጥን ውስጥ፣ ቅጹ ሲመለስ በቅደም ተከተል የሚፈጸሙ ትእዛዞች ታሽገው ይቀመጣሉ፦ ይህ መለያ ቁጥር ያለውን ተማሪ አምጣ፤ ለእሱ ይህ መለያ ያለውን ፈተና አምጣ፤ «ማርክ_7» በሚል ስም የመጣውን ለእሱ ስጥ። ረድፉን ወደ መለያ፣ መለያውን ወደ ረድፍ የሚተረጉመው ቫልዩ ኢንኮደር የሚባል ትንሽ ኮድ ነው። መሠረት ብትወጣም ሰሎሞን በመለያው ይጠራል፤ ማርኩም ወደ ራሱ ይሄዳል። ታፔስትሪ መለያው ቀርቶ የዙሩ ብዛት ብቻ እንዲመዘገብ የማድረግ ምርጫም ይሰጣል። ያን የመረጠ ሰው ግን ዝርዝሩ በሁለቱ ጊዜያት መካከል እንዳልተነካ ዋስ ሆኗል፤ ወደ ተራ ቁጥሩ ተመልሷል።

ዊኬት የተባለው የጃቫ ፍሬምወርክ ደግሞ ሌላውን ገጽታ ያሳያል። ሊስት ቪው የሚባለው ክፍሉ ገጹ በወጣ ቁጥር የረድፎቹን ሳጥኖች ጥሎ አዲስ መሥራት ልማዱ ነው። ለሚነበብ ዝርዝር ጥሩ ነው፤ በቅጽ ውስጥ ግን አንድ ማርክ ከ20 በላይ ሆኖ ውድቅ ሲደረግና ገጹ ለእርማት ሲመለስ፣ የተጻፈውም የስህተት መልእክቱም ከአሮጌው ሳጥን ጋር አብረው ይጠፋሉ። በቅጽ ውስጥ ሊስት ቪው የሚያስገባ ሰው ረድፎቹ እንዳይጣሉ ማዘዝ ያለበት ለዚህ ነው። ተጠቃሚው የጻፈው ነገር፣ ስህተቱ፣ እርማቱ ሁሉ የሚንጠለጠሉበት አንድ የማይለወጥ ማንነት ይፈልጋሉ።

መለያ ቁጥርን በገጹ ላይ ማውጣት ለአደጋ ያጋልጣል የሚሉ አሉ፤ ስጋታቸው ባዶ አይደለም። አንድ ተንኮለኛ በቅጹ ውስጥ ያለውን መለያ ለውጦ የማይመለከተውን ተማሪ ማርክ ሊነካ ይችላል። የታፔስትሪ የማይታይ ሳጥንም ከ5.3.6 በፊት በነበሩት እትሞች ላይ ክፍተት ነበረበት፤ የሚመለሰው ነገር በመንገድ ላይ መነካት አለመነካቱ ስለማይረጋገጥ፣ ተንኮለኛ የራሱን ኮድ በሰርቨሩ ላይ እስከ ማስኬድ ሊደርስበት ይችል ነበር። መፍትሔው ሰርቨሩ ብቻ በሚያውቀው ምስጢር ማኅተም ማድረግ ሆነ። ተራ ቁጥሩ ግን ከዚህ አይሻልም፤ 2ን ወደ 5 መለወጥ መለያን ከመለወጥ ይልቅ ይቀላል። ማኅተሙም ቢሆን የሚመሰክረው ቅጹ ከእኛ መውጣቱን ነው፤ ይህ መምህር ይህን ተማሪ ለማረም ዛሬም ሥልጣን እንዳለው አይመሰክርም። ያንን ሰርቨሩ ማርኩን በሚጽፍበት ቅጽበት ራሱ መጠየቅ አለበት።

ጠንካራው ተቃውሞ ስለ አዲስ ረድፍ የሚነሣው ነው። መምህሩ «ተማሪ ጨምር» ብሎ የጨመረው ረድፍ በዳታቤዝ ውስጥ ገና ስለሌለ መለያ የለውም፤ በምን ይታወቃል? አንደኛው መንገድ ረድፉን ቁልፉ እንደተጫነ በዳታቤዝ መመዝገብ ነው። ቀላል ነው፤ ነገር ግን መምህሩ ሐሳቡን ለውጦ ገጹን ቢዘጋ ስም የሌላቸው ባዶ ተማሪዎች በመዝገቡ ላይ ይቀራሉ፤ አንድ ሰው እየተከታተለ ሊያጸዳቸው ግድ ነው። ሁለተኛው መንገድ ለረድፉ በዚያው ቅጽበት ጊዜያዊ መለያ መስጠት ነው። ዩዩአይዲ የሚባለው 128 ቢት ያለው መለያ ማንንም ሳያስፈቅዱ ሊፈጠር ይችላል፤ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት የመውጣቱ ዕድልም ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ለተዋረድ ቅጽ የሚበጀው ይኸኛው ነው፤ አዲስ በገባው ተማሪ ውስጥ አዲስ ፈተና ሲጨመር፣ ውስጠኛው የበላዩን የሚጠራበት መለያ ሁለቱም ከመመዝገባቸው በፊት ይኖረዋል። ይህ ተጨማሪ ኮድ ይጠይቃል፤ ለአንዲት ትንሽ ገጽ የበዛ ሊመስል ይችላል። ረድፎቹ ጨርሶ የማይለወጡ ከሆነ፣ ለምሳሌ ዓመቱን ሙሉ የማይነካ የአራት ሩብ ዓመታት ዝርዝር ላይ፣ ተራ ቁጥር ይበቃል። ዝርዝሩን ሰው የሚጨምርበትና የሚቀንስበት ከሆነ ግን ተራ ቁጥር የሚቆጥበው ጉልበት በኋላ ማርክ ሲፈለግ ከሚባክነው ጋር አይወዳደርም።

ዘመኑ ተለውጧል፣ አሁን ቅጹን ብራውዘሩ ውስጥ ያለ ጃቫስክሪፕት ይሠራዋል፣ ዳታውም ተዋረዱን እንደጠበቀ በጄሰን ይላካል የሚልም አለ። ጄሰን ተዋረድን እንደሚይዝ እውነት ነው፤ በውስጡ ያለው ዝርዝር ግን ዞሮ ዞሮ ዝርዝር ነው፤ ሦስተኛው ማን እንደሆነ ካልተጻፈበት አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው ሪአክት የተባለው የጃቫስክሪፕት መሣሪያ ለሚደጋገም ነገር ሁሉ ቁልፍ እንዲሰጠው ይጠይቃል፤ ሊለዋወጥ ለሚችል ዝርዝር ተራ ቁጥርን ቁልፍ ማድረግን መመሪያው አይመክርም። ከጃቫ ፍሬምወርኮች በጣም የተለየ አሠራር ያለው መሣሪያ እዚያው ጥያቄ ላይ ደርሶ ያንኑ መልስ መስጠቱ፣ ጉዳዩ የአንድ ቋንቋ ጠባይ አለመሆኑን ያስረዳል።

ማንነት ሁሉንም አይፈታም። ሰሎሞን በመለያው ቢታወቅም፣ መምህሩ ገጹን ከከፈተ በኋላ ሌላ ሰው የሰሎሞንን ሚድ አርሞት ከሆነ የቆየው ማርክ አዲሱን ይደመስሰዋል። ለዚህ የጃቫ የዳታቤዝ ደረጃ ከየረድፉ ጋር የእትም ቁጥር ማስቀመጥ ያስችላል፤ ቁጥሩ ከተለወጠ ምዝገባው ይቆማል፣ ተጠቃሚውም ይጠየቃል። መለያው «የትኛው ረድፍ ነው» ለሚለው፣ እትሙ «ያየኸው ነው ወይስ ተለውጧል» ለሚለው ይመልሳሉ። የተባለው መለያ በዳታቤዝ ውስጥ ጨርሶ ሲጠፋ ምን እንደሚደረግም አስቀድሞ መወሰን አለበት፤ ይህን ያላሰበ ቅጽ መሠረትን ሲፈልግ ባዶ እጁን ይቀርና መሐል ላይ ይሰናከላል፤ የ39ኙ ተማሪዎች ማርክም አብሮ ይቀራል። የሚሻለው የጠፋውን ረድፍ ዘሎ ሌሎቹን መመዝገብና ለመምህሩ በስም መንገር ነው። ሥራው መያዙን ለማየት ረጅም ፈተና አያስፈልግም፦ ሮስተሩን በሁለት ታብ ከፍቶ፣ በአንደኛው ከመካከል አንድ ተማሪ አውጥቶ፣ በሁለተኛው ላይ ከዚያ በታች ላሉት ማርክ ሞልቶ መመዝገብና ዳታቤዙን ከፍቶ ማየት ይበቃል።