«ሆዴ ፈራ»

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል። የጨርጨር ብርድ ገና ከጭሮ ላይ አልተነሣም። ባጃጆች ዩኒፎርም የለበሱ ልጆችን አጭቀው ያልፋሉ። አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ቦርሳዋን አንግታ፣ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ከደጃፉ ንቅንቅ አትልም።

«እማዬ፣ ሆዴን።»

«ትናንትም ሆዴን ብለሽ ነው የቀረሽው።»

መዳፏ በረዶ ሆኗል። የቀማመሰችውን ቁርስ ታስመልሰዋለች። አራት ሰዓት ሲሆን ቀለሟ ይመለሳል፤ ደብተሯን አውጥታ ያመለጣትን ትምህርት መገልበጥ ትጀምራለች። ቅዳሜ ደኅና ናት። እሑድ ማምሻውን ሆዷ እንደገና ይነሣባታል።

ይህን ጠዋት የሚያውቁ ወላጆች በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች፣ በጭሮም፣ በሂርናም፣ በበዴሳም፣ በገለምሶም አሉ። ጎረቤት «አሞላቃችኋት» ይላል፤ ትምህርት ቤቱ «ወላጅ አምጪ» ይላል። ሁለቱም ፎርፋ የቀረች እየመሰላቸው ነው። የሚፎርፍ ልጅ ግን ከቤት ወጥቶ ይጠፋል፤ ወላጁ እንዳያውቅበትም ይጠነቀቃል። ይህቺ ልጅ የምትደብቀው ነገር የላትም። መማር ትፈልጋለች፤ እግሯ ነው እምቢ ያላት። ፍርሃት ሲበረታ ሰውነት ለሽሽት ይዘጋጃል፤ ልብ ይመታል፣ ጨጓራ ይኮማተራል፣ ሕመሙም የእውነት ሕመም ነው። እኛ አዋቂዎቹ «ሆዴ ፈራ» ስንል የሚጠራጠረን የለም። ልጅ ያንኑ ስትለን ግን ውሸት ይመስለናል።

ፍርሃቱ ብዙ ጊዜ ምክንያት አለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳለው ከደነገገ 30 ዓመት አለፈው። ይሁን እንጂ «ያንግ ላይቭስ» የተባለው የረጅም ጊዜ ጥናት በኢትዮጵያ የ8 ዓመት ልጆችን ሲጠይቅ 38 በመቶው ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤት ውስጥ ተመትተናል ብለዋል። ራሷ ያልተመታች፣ ሌላው ሲመታ ያየች ልጅም ያው ፍርሃት ያድርባታል። በቤቷ አማርኛ፣ በክፍሏ ኦሮምኛ የሚነገራት ልጅ ደግሞ ተጠርታ እንዳትነሣ ስትሳቀቅ ትውላለች። በ2010 ዓ.ም. መግቢያ ኦሮሚያን ከሶማሌ ክልል ጋር በሚያዋስነው አካባቢ በተነሣው ግጭት ተፈናቅለው ወደ ሐረርጌ ከተሞች የመጡ ቤተሰቦችም አሉ። እንዲህ ካለ ቤት የመጣ ልጅ የሚፈራው ትምህርት ቤቱን ላይሆን ይችላል። ስመለስ እናቴን አጣት ይሆን የሚለው ነው የሚያስጨንቀው።

እርዳታው ሩቅ ነው። ጭሮ ከአዲስ አበባ 326 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ አማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታልም፣ ለልጆች የአእምሮ ሕክምና የሚሰጠው የየካቲት 12 ሆስፒታልም ያሉት እዚያ ነው። ስለዚህ እናት መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ጠበል ወይም ወደ ሼኹ ነው፤ አለዚያም ለቁልቢ ገብርኤል ትሳላለች። ጸሎቱንም ዱዓውንም አልነቅፍም፤ እናትን የሚያበረታ ነገር ልጅንም ያበረታል። የሚያሳስበኝ ልጅቱ «እስኪለቃት ድረስ» እየተባለ ቤት የምትቆይባቸው ወራት ናቸው። ነገሩ ደግሞ የከተማ ልጅ ቅብጠት አይደለም። በገጠር፣ በቡታጅራ አካባቢ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት በልጆች ላይ ካገኛቸው የአእምሮ ሕመሞች ግንባር ቀደሙ የጭንቀት ሕመም ነበር።

ጃፓን እንዲህ ከትምህርት ቤት የሚቀሩ ልጆችን ለይታ ትቆጥራለች። በዓመት 30 ቀንና ከዚያ በላይ በሕመም ወይም በገንዘብ እጦት ሳይሆን በሌላ ምክንያት ከትምህርት የራቁ የአንደኛና የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቿ እ.ኤ.አ. በ2023 የትምህርት ዘመን 346,482 ደርሰዋል። እኛ ጋ ልጅቱ መጀመሪያ «ቀሪ»፣ ቆይቶም «ያቋረጠች» ተብላ ትመዘገባለች። በዚያ አንድ ቃል ውስጥ የተዳረችውም፣ ለእረኝነት የተላከችውም፣ የፈራችውም አብረው ይገባሉ።

በዱላ እየነዱ መውሰድ ፍርሃቱን ያጸናዋል። ማስቀረትም የዚያኑ ያህል ይጎዳል፤ ቤት የዋለችበት እያንዳንዱ ቀን እፎይታ ስለሚሰጣት ነገ ከደጃፉ መውጣቱ ይብስባታል። የሚሠራው ጥቂት በጥቂት ማስጠጋት ነው። ለዚህ ስፔሻሊስት እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የማትቸኩል እናትና ነገሩ የገባው የክፍል ኃላፊ መምህር ይበቃሉ። መምህሩ ከሁሉ በፊት ሁለት ነገር ቃል ይግባላት፤ አትመታም፣ እጇን ሳታወጣም አትጠየቅም።

ከዚያ ቅዳሜ፣ ግቢው ባዶ ሳለ፣ እናትና ልጅ እስከ በሩ ይሄዳሉ፤ ዘበኛውን ሰላም ብለው ይመለሳሉ። ሰኞ ሰልፉ ካበቃ በኋላ ገብታ አንድ ክፍለ ጊዜ ትማራለች። እናት ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች፤ ልጅቱም በመስኮት እያየቻት ትማራለች። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ይሆናል። አንዳንድ ቀን ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ያን ዕለት እንደገና እስከ በሩ ብቻ ይኬዳል። ብዙ ሳምንት ቆይቶ አንድ ጠዋት ልጅቱ ቀና ብላ ወደ መስኮቱ ሳታይ ደወል ይደወላል። እናትም ነጠላዋን አራግፋ ወደ ገበያዋ ትሄዳለች።