መድኃኒትና ሱስ በአንድ በር አይግቡ

በጌዴኦ ምድር በይርጋ ጨፌ ወረዳ በኮንጋ ቀበሌና በአካባቢው ለቡና ተክል ጥላ ከሚሆኑት ዛፎች አንዱ ብርብራ ነው። ይህ ዛፍ ቅጠሉ እየረገፈ መሬቱን ያዳብራል፤ ጥላውም ቡናውን ከፀሐይ ቃጠሎ ይጠብቃል። ነገር ግን የዚሁ ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ በውኃ ላይ የተበተነ እንደ ሆነ ዓሣውን ያደነዝዘዋል። ስለዚህ ብርብራ ደግ ነው ወይስ ክፉ ነው ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፥ ዛፉን የሚያውቅ ገበሬ አስቀድሞ «ለምን ሥራ ልታውለው ነው?» ብሎ ቢጠይቀው የተገባ ነው።

በአሁኑ ዘመን በዓለም ሁሉ ስለ አንድ ሌላ ዕፅ እንደዚሁ ያለ ጥያቄ ተነሥቷል። ይኸውም ሊቃውንት ካናቢስ፥ አንዳንዱ ማሪዋና፥ በአገራችን ብዙው ሰው ሐሺሽ፥ በሻሸመኔ ደግሞ ጋንጃ የሚለው ዕፅ ነው። ይህ ዕፅ ለሕክምና ይፈቀድ የሚሉና ፈጽሞ አይፈቀድ የሚሉ ሰዎች በየአገሩ ይከራከራሉ። ክርክሩም ወደ አፍሪካ ከገባ ዓመታት አልፈዋል። እኛም ነገሩ በደጃችን ሲደርስ ሳናስብበት እንዳያገኘን፥ ከወዲሁ በረጋ ልቡና ልንመረምረው ይገባናል።

ይፈቀድ የሚሉት ሰዎች የሚያቀርቡት ቃል ሦስት ነው። አንደኛው፥ በሽተኛ እየተሠቃየ የሚረዳውን ነገር መከልከል ጭካኔ ነው ይላሉ። ሁለተኛው፥ ዕፁ ወደ ውጭ አገር ተሸጦ ለመንግሥትና ለገበሬ ገንዘብ ያስገኛል ይላሉ። ሦስተኛውም፥ ክልከላው ሰዎችን ወደ ወኅኒ ከማስገባት በቀር ማጨሱን አላስቀረም ይላሉ። አይፈቀድ የሚሉት ደግሞ የወጣቱ አእምሮ ይበላሻል፥ ሥራ ይፈታል፥ ነጋዴውም የመድኃኒትን ስም መጋረጃ አድርጎ ሱስን ይሸጣል ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም ወገኖች ከእውነት የራቁ አይደሉም። ክርክራቸው የማያልቀው፥ አንዱ ስለ በሽተኛ ሲናገር ሌላው ስለ አጫሽ፥ ሦስተኛውም ስለ ነጋዴ ስለሚመልስ ነው። በእኛ አስተያየት እነዚህ ሦስት ጉዳዮች ተለያይተው እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መመዘን አለባቸው።

አስቀድመን የበሽተኛውን ነገር እንይ። በዚህ ዕፅ ውስጥ ከሚገኙት ብዙ ቅመሞች ሁለቱ በይበልጥ የታወቁ ናቸው። አንዱ ቲ.ኤች.ሲ. የሚባለው ነው፤ አእምሮን የሚያሰክረው እርሱ ነው። በእስራኤል አገር ፕሮፌሰር ራፋኤል መሹላምና የሥራ ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ1964 ይህን ቅመም ለይተው አወጡት። ሁለተኛው ሲ.ቢ.ዲ. የሚባለው ሲሆን እንደ መጀመሪያው አያሰክርም። ከዚህ በኋላ ሊቃውንት እያንዳንዱን ለይተው በበሽተኞች ላይ በሥርዓት መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 የአሜሪካ መንግሥት በሰው እጅ የተሠራውን ቲ.ኤች.ሲ. የካንሰር ሕክምና ለሚያስመልሳቸው በሽተኞች ፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ2018ም ከሲ.ቢ.ዲ. የተሠራውንና ኤፒዲዮሌክስ የተባለውን የሚጠጣ መድኃኒት፥ በሕፃናት ላይ ለሚነሡ ሁለት ብርቱ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ፈቀደ። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ኮሚሽንም ኅዳር 23 ቀን 2013 ዓ.ም. በ27 ድምፅ ድጋፍና በ25 ተቃውሞ ካናቢስን እጅግ ብርቱ ጥበቃ ከሚደረግባቸው ዕፆች መዝገብ አወጣው። ቢሆንም ጥበቃው ጨርሶ አልተነሣም፤ ዛሬም ቍጥጥር ከሚደረግባቸው ዕፆች ጋራ ተመዝግቦ ይገኛል።

እንግዲህ ከዕፁ መድኃኒት ይወጣል ማለት እውነት ነው። ነገር ግን የወጣው መድኃኒት መጠኑ የታወቀ፥ በሽታው የተለየ፥ ሐኪም የሚያዘውና የሚከታተለው ነው። ቅጠሉን ጠቅልሎ ማጨስ ከዚህ ጋራ አንድ አይደለም። በለጋነቱ ዘመን አዘውትሮ የሚያጨስ ወጣት፥ ይልቁንም በዘሩ የአእምሮ ሕመም ያለበት እንደ ሆነ፥ አእምሮው ለመታወክ ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑን ሐኪሞች መስክረዋል።

ይህን መለየት ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። አባቶቻችን ኮሶን ለመጠጣት ቀን ይመርጡ፥ መጠን ይለኩ ነበር። ኮሶ የሆድን ትል ያወጣል፤ መጠኑ ያለፈ እንደ ሆነ ግን ዓይንን እስከ ማጥፋት፥ ነፍስንም እስከ ማሳለፍ ይደርሳል። ስለዚህ ኮሶ መድኃኒት ነው ብሎ እንደ ጐመን የቀቀለው፥ መርዝም ነው ብሎ ዛፉን ከሥሩ የነቀለው አልነበረም። ማርም ሲበዛ ይመራል ተብሎ ይተረታል፤ በማር ላይ ይህ ከተነገረ፥ በሚያሰክር ዕፅ ላይማ ምን ያህል ሊነገር ነው!

ሕጋችንም በዚህ ነገር የታወረ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በ525ኛው አንቀጽ አደንዛዥ ዕፅን የሚያበቅለውን፥ የሚያዘዋውረውንና የሚሸጠውን ከ5 ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራትና እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። ቢሆንም አገራችን እ.ኤ.አ. በ1965 የተቀበለችው የ1961 ዓለም አቀፍ ስምምነት፥ አደንዛዥ መድኃኒቶች የሰውን ሥቃይ ለማስታገስ አስፈላጊ መሆናቸውን በመግቢያው ይመሰክራል። ለዚህም ሞርፊን ዋና ምስክር ነው። ሞርፊን የሚወጣው ከኦፒየም ነው፤ ኦፒየምም ብዙ ሕዝብ ያጠፋ ሱስ ነው። ዳሩ ግን በካንሰር የሚሠቃይ በሽተኛ ሞርፊን ሲታዘዝለት፥ መንግሥት ኦፒየምን ፈቀደ የሚል ማንም የለም። ማዘዣው ይመዘገባል፤ መድኃኒቱ በቍልፍ ይጠበቃል፤ የጐደለው ይጠየቃል። ከካናቢስ የወጣ የተመረመረ መድኃኒት የመጣ እንደ ሆነ፥ በዚሁ በር በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ምርመራ አልፎ በሐኪም ማዘዣ ቢገባ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ለዚህ ሲባል እርሻ መክፈት፥ ማጨስንም መፍቀድ አያስፈልግም።

ስለ በሽተኛ የምንናገር ከሆነ ግን፥ በኮንጋ ያለችውን እናት ማስታወስ ይገባናል። ልጅዋ በድንገት ወድቆ ሲንፈራገጥ፥ አረፋም ሲደፍቅ፥ ጎረቤት ይጋባብኛል ብሎ ይሸሻል፤ ያልሸሸውም ክብሪት ጭሮ ያሸትተዋል። ልጁ እሳት ውስጥ ወድቆ ቢቃጠል እንኳ እጁን ዘርግቶ ለማንሣት የሚፈራ አለ። በፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት መሪነት በቡታጅራ አካባቢ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ጥናት፥ ከ60,000 በላይ ሰዎች ተጠይቀው ከ1,000 ሰዎች 5 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው ገልጧል። ከእነዚህም ውስጥ የታወቀውን የበሽታውን መድኃኒት ይወስዱ የነበሩት ከመቶ 2 እንኳ አይሞሉም ነበር። ያልተገኘው መድኃኒት ውድ አልነበረም፤ ፌኖባርቢታል የሚባለው ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀና ዋጋው እጅግ የረከሰ ኪኒን ነው። ከካናቢስ የወጣው ኤፒዲዮሌክስ ግን በአሜሪካ ለሽያጭ በቀረበበት ጊዜ ለአንድ በሽተኛ በዓመት 32,500 ዶላር ያህል ዋጋ ተተምኖለት ነበር። እንግዲህ ፍቅራችን ለበሽተኛው ከሆነ፥ የመጀመሪያው ሥራ ርካሹ ኪኒን ከይርጋ ጨፌ ጤና ጣቢያ እንዳይጠፋ ማድረግ ነው። የሚጥል በሽታ በምራቅ እንደማይጋባም ለሕዝቡ ማስተማር፥ ኪኒኑ ያልበጀውንም ልጅ ወደ ዲላ ሆስፒታል መላክ ይከተላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ሕዝቡ ደግሞ በሽታውን የሚደብቀው ስለሚያፍርና ስለሚፈራ ነው።

ቀጥሎ የገበሬው ትርፍ ይመዘናል። ሌሶቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ለሕክምና የሚሆን ካናቢስ ለማምረት ፈቃድ በመስጠት ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚ ሆነች። ዚምባብዌና ማላዊን የመሳሰሉም ተከተሉ። ነገር ግን በሌሶቶ የፈቃዱ ክፍያና የሚጠየቀው የሥራ ወጪ ከተራው ገበሬ አቅም በላይ ሆነ፤ ስለዚህ ሥራው ከውጭ ገንዘብ ባመጡ ኩባንያዎች እጅ ገባ፤ ዕፁን በተራራው ላይ ከጥንት ጀምሮ በድብቅ ሲያበቅል የኖረው ገበሬ ግን ከአጥሩ ውጭ ቀረ። ለመድኃኒት የሚሆነው ካናቢስ ውኃው፥ ብርሃኑና ሙቀቱ ተለክቶ፥ ባመዛኙ በመስተዋት ወይም በላስቲክ ቤት ውስጥ፥ በጥበቃ የሚበቅል ነው።

ስለዚህ ኮንጋ ባላት ነገር በካናቢስ አትጠቀምም። የይርጋ ጨፌ ቡና ስሙ በዓለም የተጠራው ከፍታው፥ አፈሩና የዛፉ ጥላ ስለሰጡት ጣዕም ነው፤ በላስቲክ ቤት ለሚበቅል ዕፅ ግን የኮንጋ አፈር ምንም ስም አይጨምርለትም። ከዚህም በላይ እንሰቱ፥ ቡናውና ዛፉ ተደጋግፈው የሚኖሩበት የጌዴኦ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እንሰቱ በክፉ ቀን ቤተሰብን ይመግባል፤ ቡናው በበጎ ቀን ገንዘብ ያመጣል። የቡና ዋጋ ሲወርድ ገበሬው መቸገሩ እውነት ነው፤ ችግሩም ሌላ ተክል እንዲመኝ ሊያደርገው ይችላል። ነገር ግን ደላላ በነገረው ዋጋ ተማምኖ የአባቱን ቡና የሚነቅል ሰው፥ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ይደርስበታል፤ ቡና ዳግመኛ ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ያልፋሉና።

በመጨረሻ የማጨስ ነገር ቀረ። ከኮንጋ ተነሥቶ በዲላና በሐዋሳ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ ሻሸመኔን ያልፋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 በዚያ ስፍራ 5 ጋሻ መሬት ለጥቁር ሕዝቦች ሰጥተው ነበርና፥ ከጃማይካና ከሌላም አገር የመጡ ራስ ተፈሪያውያን ሰፍረውበታል። እነርሱ ጋንጃን የሃይማኖታቸው ሥርዓት አድርገው ይቈጥሩታል። ጃማይካ እ.ኤ.አ. በ2015 ሕጓን አሻሽላ ይህን ሥርዓታቸውን ፈቀደች፤ የእኛ ሕግ ግን ለማንም የተለየ ፈቃድ አልሰጠም። ይህ የሃይማኖትና የሕግ ጥያቄ ስለ ሆነ በራሱ ስፍራ ሊመረመር ይችላል፤ የሕክምና ጥያቄ ግን አይደለም። በመድኃኒት ስም የሚከራከር ሁሉ ይህን ልዩነት ሊጠብቅ ይገባዋል።

ልዩነቱ ሲፈርስ የሚሆነውን ከታይላንድ እንማር። ይህች አገር እ.ኤ.አ. በ2018 ካናቢስን ለሕክምና ፈቀደች። በ2022 ከአደንዛዥ ዕፆች መዝገብ አወጣችው፤ የሚገዛበት መቈጣጠሪያ ግን ገና በሚገባ አልተዘጋጀም ነበር። ሱቆቹ በየመንገዱ ፈሉ፤ በ2025ም መንግሥቱ ተመልሶ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥ ብሎ አዘዘ። በሩን ከከፈቱ በኋላ ዘበኛ መፈለግ እንዲህ ያደርጋል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ ከሁለት አንዱን ምረጥ ቢሉህ ፈጥነህ አትምረጥ። የሚሠቃየውን በሽተኛ ስለ አጫሹ ኃጢአት መቅጣት አይገባም፤ አጫሹንም በበሽተኛው ጋቢ ውስጥ መሸሸግ አይገባም። ሐኪሞቻችንና የመድኃኒት ሊቃውንቶቻችን የተመረመረው መድኃኒት ለየትኛው በሽታ፥ በምን መጠን፥ በየትኛው ሆስፒታል እንደሚሰጥ አጥንተው ይግለጡ። ሕግ አውጪዎችም የሞርፊንን አያያዝ አብነት አድርገው ለመድኃኒቱ ጠባብና የሚጠበቅ በር ያዘጋጁ። እርሻውንና ጭሱን በዚያው በር ለማስገባት የሚገፋ ቢመጣ፥ የራሱን ጉዳይ በራሱ ስም ይዞ እንዲቀርብ ይነገረው። ሕጉ እስኪመከርበት ድረስ ግን የኮንጋዋ እናት ልትጠብቅ አይገባትም፤ ለልጅዋ የሚያስፈልገው ርካሽ ኪኒን ክርክር የለበትምና ዛሬውኑ ሊደርሳት ይገባል።