ተረትና እውነታ፦ ሙቀት የሚችል ብረት አለመቅለጡ ብቻ አይበቃውም

ስለ አዳዲስ የኑክሌር ማብላያዎች በተወራ ቁጥር አብሮ የሚነሳ አንድ የተለመደ እምነት አለ፤ ይኸውም ማብላያው ከበፊቱ ይበልጥ እንዲግል ከተፈለገ በቀላሉ የማይቀልጥ ብረት መምረጥ ብቻ ይበቃል የሚል ነው። ነገሩ እንዲህ ቢሆን ኖሮ የሚቀልጠው በ3,422 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነው ተንግስተን ጥያቄውን ገና ድሮ በዘጋው ነበር፤ ይሁን እንጂ ተንግስተን ሳይግል ተሰባሪ፣ ለመበየድ አስቸጋሪ፣ አየር ባለበት ሲግል ደግሞ ቶሎ የሚበላ በመሆኑ ለትልልቅ የማብላያ አካላት አይመችም።

ብረት ከመቅለጡ ብዙ ቀድሞ ይደክማል። ሙቀቱ ከፍ ባለበት ሁኔታ የማያቋርጥ ጫና ሲያርፍበት፣ ጫናው በራሱ ሊሰብረው የማይችል ቢሆን እንኳ፣ ዓመታት በፈጀ አዝጋሚ ሂደት እየተለጠጠ ይሄድና በመጨረሻ ይሰነጠቃል፤ ይህ ሂደት በሙያው ክሪፕ ይባላል። ዛሬ በብዛት የሚሠሩት በውኃ የሚቀዘቅዙ ማብላያዎች ውኃቸው ከ330 ዲግሪ ስለማያልፍ ክሪፕ እምብዛም አያሳስባቸውም፤ በ2023 መጨረሻ በቻይና ሺዳዎ ቤይ የንግድ ሥራ የጀመረው በሂሊየም ጋዝ የሚቀዘቅዝ ማብላያ ግን ጋዙን እስከ 750 ዲግሪ ያግላል።

ጥሩ ቅይጥ (ማለትም ከአንድ በላይ ንጥረ ነገሮች ተቀላቅለው የሚሠራ ብረት) በቤተ ሙከራ ከተገኘ ሥራው አለቀ ብሎ ማሰብም ስህተት ነው። ኒኬል፣ ክሮሚየም፣ ኮባልትና ሞሊብዲነም የተቀላቀሉበት 617 የተባለው ቅይጥ ለሌላ ኢንዱስትሪ አዲስ አልነበረም፤ ሆኖም የአሜሪካ የመካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር የግንባታ ደንብ ለከፍተኛ ሙቀት ማብላያ እስኪፈቅደው ድረስ በአይዳሆ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ መሪነት 12 ዓመት የወሰደ ጥናት ማካሄድ ግድ ሆኗል። ፈቃዱ እስከ 950 ዲግሪ የሚደርስ ሲሆን የጊዜ ጣሪያው 100,000 ሰዓት፣ ማለትም ከ11 ዓመት ትንሽ የሚበልጥ ነው፤ ማብላያ ለ60 ዓመት እንዲያገለግል ለሚፈልግ ኩባንያ ይህ ትንሽ ነው።

ከሁሉም ይበልጥ ሥር የሰደደው ክሮሚየም ብረትን በሁሉም ስፍራ ከመበላት ይጠብቃል የሚለው እምነት ሳይሆን አይቀርም። በአየርና በእንፋሎት ውስጥ ክሮሚየም ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ የብረቱን ገጽታ በስስ ሽፋን ስለሚጠብቅ እምነቱ መሠረት አለው፤ በአንዳንድ ማብላያዎች በሚዘዋወር የቀለጠ የፍሎራይድ ጨው ውስጥ ግን ይህ ሽፋን ይሟሟል፣ ክሮሚየሙም ራሱ ፍሎራይድ እየሆነ ከብረቱ ይወጣል። በቴነሲው የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ከ1965 እስከ 1969 በ650 ዲግሪ ገደማ የሠራው የጨው ማብላያ የተገነባበት ሃስተሎይ ኤን የተባለ ቅይጥ ክሮሚየሙ ሆን ተብሎ ወደ 7 በመቶ ዝቅ የተደረገውም ለዚህ ነው። ይህም ቢሆን ከችግር አላመለጠም፤ ከዩራኒየም መሰንጠቅ የሚወለደው ቴሉሪየም ብረቱን በሠሩት ክሪስታሎች ድንበር ሰርጎ በመግባት በገጽታው ላይ ስንጥቆችን ፈጠረ። ተመራማሪዎቹ ከዚያ ወዲህ በቅይጡ ላይ ኒዮቢየም መጨመርንና የጨውን ኬሚካላዊ ጠባይ መቆጣጠርን አጠኑ፤ የሁለተኛው መንገድ ትምህርት ለቅይጥ ቀማሚዎች ሳይቀር ጠቃሚ ነው፣ ምክንያቱም አንዳንድ ጊዜ ከብረቱ ይልቅ ብረቱ የሚነካውን ነገር ማረም ይቀላል።

ጨረር ብረትን ጨረር አመንጪ ከማድረግ ያለፈ ጉዳት የለውም የሚለው ግምትም አይጸናም። ኒውትሮኖች አተሞችን ከቦታቸው እያፈናቀሉ በውስጡ ጥቃቅን ባዶ ቀዳዳዎችን ስለሚፈጥሩ ብረቱ ያብጣል፤ ይህም በ1967 በስኮትላንድ ዱንሬይ ማብላያ ውስጥ በቆየ የማይዝግ ብረት ላይ ታውቋል። በ617 ቅይጥ ያለው ኮባልት በበኩሉ ኒውትሮን ሲውጥ ኃይለኛ ጨረር የሚረጨውን ኮባልት 60 ስለሚሆን፣ ቅይጡ በዋናነት የታሰበው ለማብላያው እምብርት ሳይሆን ከእምብርቱ ራቅ ብሎ ለሚገኘው ሙቀት አስተላላፊ ክፍል ነው። ለእምብርቱ ከሚጠኑት መካከል የኢትሪየም ኦክሳይድ ደቃቅ ቅንጣቶች የተበተኑበት ብረት ይገኛል፤ ቅንጣቶቹ ክሪፕን ቢገቱም ብረቱ በተለመደው መንገድ ቀልጦ ሲበየድ ተሰባስበው ጥቅማቸውን ስለሚያጡ፣ መጋጠሚያው ሳይቀልጥ በፍትጊያ እንዲያያዝ የሚያስችሉ ዘዴዎች ይሞከራሉ።