አዝመራ ሲደርስ ክፍሉ እንዳይጎድል

“በጥቅምት አንድ አጥንት” ይባላል፤ የጥቅምት ጠዋት ብርድ እንዲህ በቀላሉ የሚገፋ አይደለም። በዚህ ብርድ በገጠር ባለ አነስተኛ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደወል ተደውሎ ተማሪዎች ይሰለፋሉ። ከአጥሩ ማዶ ስንዴው ቢጫ ለብሷል፤ ጤፉ ዘለላው ከብዶት አጎንብሷል። ሰልፉ ግን መስከረም ላይ ከነበረው አጥሯል። መምህሩ የቀሩት የት እንዳሉ መጠየቅ አያስፈልገውም። አንዱ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃል፤ ሌላው ከብቶች አዝመራ ውስጥ እንዳይገቡ ይመልሳል፤ እናትና አባቷ አጨዳ የወረዱባት ደግሞ ታናሽ ወንድሟን ይዛ ቤት ቀርታለች።

በሀገራችን የወቅቶች አቆጣጠር መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ ነው። ለአርሶ አደሩ የዓመት ድካሙን የሚያፍስበት ወቅት ሲሆን፣ ለትምህርት ቤቱ ደግሞ የአንደኛው መንፈቀ ዓመት ዋናው ክፍል ነው። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ልጅ ላይ ይገናኛሉ። ማንበብ ገና በመልመድ ላይ ያለ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ አምስትና ስድስት ሳምንት ከቀረ በኋላ ሲመለስ ጓደኞቹ ቀድመውታል። መከታተል ያቅተዋል፤ ያፍራል፤ በመጨረሻም ትምህርቱን ያቋርጣል።

ለዚህ ችግር አንዱ መፍትሔ ትምህርቱን ወደ አዝመራው ማውጣት ነው። በወቅቱ ማሳው ራሱ የሒሳብና የአካባቢ ሳይንስ መማሪያ ይሆናል። ወላጅም ልጁ የሚማረው ለቤቱ የሚጠቅም መሆኑን በዓይኑ ያያል።

በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር መጀመሪያ የሚሠራው የምርት ግምት ነው። ተማሪዎች ከአራት ዘንግና ከገመድ ጎኖቹ አንድ አንድ ሜትር የሆኑ ካሬ ይሠራሉ። የማሳውን ዳር ትተው ከአምስት የተለያዩ ቦታዎች በካሬው ውስጥ ያለው ሰብል በአዋቂ እጅ ይታጨዳል። ተማሪዎቹ አሽተውና አበጥረው ይመዝኑታል፤ አማካዩንም ያወጣሉ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር የተገኘ 10 ግራም በሄክታር አንድ ኩንታል ማለት ነው። አማካዩ 300 ግራም ከሆነ ማሳው በሄክታር 30 ኩንታል ይሰጣል። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር በሚባልበት አካባቢ አንዱ ጥማድ ሰባት ኩንታል ተኩል ነው። የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ይህን ቤቱ ሄዶ ሲያሰላ አባቱ ስንት ጆንያ እንደሚያስፈልገው ከአጨዳው በፊት ያውቃል።

ኅዳር 12 ቀን “ኅዳር ሲታጠን” በሚል ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚቃጠልበት ዕለት ነው። ልማዱ በ1911 ዓ.ም ብዙ ሕዝብ ከጨረሰው የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ነው። የጽዳት ዘመቻው ለትምህርት ቤቱ ግቢም መልካም አጋጣሚ ነው። ይሁን እንጂ ከሚቃጠለው ውስጥ ቅጠሉ፣ አረሙና የሰብል ተረፈ ምርቱ ለመሬቱ ምግብ ነው። ተማሪዎች ይህንን ለይተው ደረቁን፣ እርጥቡን፣ እበቱንና አፈሩን በየተራ እየደረደሩ ኮምፖስት ያዘጋጃሉ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቶሎ ስለማይበሰብስ ባይገባ ይመረጣል። በመሐሉ የሚተከለው ዘንግ ከቀናት በኋላ ሲነቀል ትኩስ ከሆነ ብስባሹ ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው። እርጥበቱ እየተጠበቀና እየተገላበጠ ከቆየ ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ይደርሳል፤ ለክረምቱ ዘርም ይበቃል።

ታኅሣሥ ላይ ምርቱ ወደ ጎተራ ይገባል። በዚህ ጊዜ የሚጠቅመው ትምህርት አንድ ጠርሙስና ጥቂት ጨው ብቻ ይፈልጋል። ሁለቱም በደንብ የደረቁ መሆን አለባቸው። በቆሎ ከጨው ጋር ጠርሙሱ ውስጥ ተጨምሮ ለደቂቃ ያህል ይናጣል፤ ከዚያም ይቀመጣል። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ስለሆነ እንደገና ፀሐይ ላይ ሊሰጣ ይገባዋል። እርጥብ ሆኖ የተከተተ በቆሎ ይሻግታል፤ ከሻጋታው የሚመጣው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝም የሰውንና የእንስሳትን ጤና ይጎዳል። ሙከራውን በክፍል ያየች ልጅ ማታ በእናቷ ጓዳ ልትደግመው ትችላለች።

ሐምሌ ላይ የተተከሉ ችግኞችም በዚሁ ወቅት ክትትል ይሻሉ። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ያሉት ወራት የችግኙን ዕድል ይወስናሉ። ተማሪዎች የጸደቀውን ቆጥረው በመቶኛ ያሰላሉ፤ ሥሩን ይኮተኩታሉ፤ በደረቅ ሣር ይሸፍናሉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። የመስክ ትምህርት የልጆችን ጉልበት በነፃ መጠቀሚያ ከሆነ ዓላማውን ስቷል። ተማሪ የሚወጣው ሊለካ፣ ሊቆጥርና ሊመዘግብ እንጂ የመምህሩን ወይም የትምህርት ቤቱን ማሳ ሊያጭድ አይደለም። ማጭድ በአዋቂ እጅ ይቆይ። ፀረ ተባይ ኬሚካል ወደተረጨበት ማሳም ልጅ አይግባ።

ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ገመድና ጠርሙስ በየቤቱ አለ፤ ሚዛን ከመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር መዋስ ይቻላል። የሚያስፈልገው የሁለት ጽሕፈት ቤቶች መነጋገር ነው። በየቀበሌው የግብርና ባለሙያዎችና የአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከላት አሉ። የወረዳው ትምህርትና ግብርና ጽሕፈት ቤቶች መስከረም ላይ የጋራ ዕቅድ ካወጡ ባለሙያው በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ከመምህሩ ጎን መቆም ይችላል።

የወላጅ መምህር ኅብረትም ድርሻ አለው። አርሶ አደሩ ለአጨዳ ወንፈል እንደሚገባባው ሁሉ ለወፍ ጥበቃና ለከብትም ተራ ቢገባ፣ አንድ አዋቂ የሦስት አራት ጎረቤት ማሳ ሊጠብቅ ይችላል። በዚያን ቀን ሦስትና አራት ልጆች ክፍላቸው ውስጥ ይሆናሉ። አጨዳው በሚበረታባቸው ቀናት ደግሞ ትምህርት በፈረቃ ማስተማርና ያመለጠውን በቅዳሜ ማካካስ አስቀድሞ ሊታቀድ ይገባል።

ውጤቱ የሚለካው በስም መጥሪያው መዝገብ ነው። የቀሪ ተማሪ ስም ከነምክንያቱ ቢመዘገብ፣ የወረዳው ሱፐርቫይዘር ትምህርት ቤቱን ሲጎበኝ የትኛው ቤት ምን እንደቸገረው ያያል። የወፍ ጥበቃ ከሆነ ቀበሌው ተራ ያስገባል፤ ሕፃን መያዝ ከሆነም ከወላጅ ጋር ይነጋገራል። ይህ ግን ኅዳር ሳያልቅ መደረግ አለበት፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሪፖርት ያቋረጡትን ከመቁጠር አያልፍም።